ጭራሮን የቀበርኩ ዕለት

ውድ ባለቤቴ፣

«የቀድሞ» የሚለውን ቃል ጽፌ መልሼ ሰርዤዋለሁ፤ ለዛሬ ብቻ ታገሰኝ።

ጭራሮ ሞተ። ማክሰኞ ጠዋት ስፌት ቤቱን ልከፍት ስነሳ እንደ ልማዱ አልተከተለኝም። ከስፌት መኪናዬ ስር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ሲያየኝ ጅራቱን አንድ ጊዜ ነቀነቀ፤ ከዚያ በቃ።

የእንስሳት ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ብሎኝ ነበር፤ አላመንኩትም እንጂ። ታስታውሳለህ፣ ልጃችን አንድ ቀን ብቻ ኖራ፣ ባዶ እጃችንን ከሆስፒታል በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት ነው ዝናብ እየደበደበህ በኮትህ ሸፍነህ ያመጣኸው። አጥንቱ ብቻ ነው፣ ጭራሮ ነው የሚመስለው አልኩህ፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። በልጅ ፋንታ ውሻ አመጣልኝ ብዬ ቂም ይዤብህ ነበር። ግን እሱ እንዲበላ ስል ከአልጋ ተነሳሁ፤ እሱ እንዲወጣ ስል በር ከፈትኩ። አንተ ስትሄድም የቀረኝ እሱ ነው።

ጎረቤታችን አናጺው፣ ያ ሰላምታ የሚሰስተው ሰውዬ፣ ሳልጠይቀው ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረልኝ። መጠቅለያ ስፈልግ እጄ ወደ ቁም ሳጥኑ ግርጌ ሄደ። ለልጃችን የሰፋሁትን ብርድ ልብስ አወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት እንደታጠፈ ነው የኖረው። አትቆጣኝ፤ አንድ ፍጥረት እንኳ ይልበሰው ብዬ ነው።

አናጺው አፈሩን ሊመልስ ሲል ቆቡን አውልቆ አንድ ነገር በይለት አለኝ። እኔ ልጃችን ካለፈች ወዲህ መጸለይ እንዳቆምኩ ታውቃለህ። አንተንም ከልክዬሃለሁ። ለእሷ ልትጸልይ ተንበርክከህ ሳለ «ማን ሊሰማህ ነው? ተነስ» ያልኩህ ከጆሮዬ አልወጣም። ለሰውየው እንደማልችል ነገርኩት።

«እኔም አልችልበትም» አለኝ። «ስሙን ጥሪና ለፈጣሪ አደራ በይ። ሌላው ይቅር።»

አፌን ከፈትኩ። ጭራሮ ልል ነበር። የወጣው ግን ለልጃችን ያወጣንላት ስም ነው፤ አንተም እኔም አንድ ቀን እንኳ ያልጠራነው። አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ጠራኋት፣ አደራ አልኩ። ሰውየው አካፋውን ተደግፎ ጠበቀኝ፤ ማን ናት ብሎም አልጠየቀኝ።

ተጽናናሁ ብዬ አልዋሽህም። ቤቱ ሊበላኝ ደርሷል። ጠዋት ጠዋት እግሬ የውሃ ሳህኑን ሲመታው እዚያው እቆማለሁ፤ ለምን እንደተነሳሁ ይጠፋኛል። ግን ያን ዕለት፣ አደራ ስል፣ የተቀበለኝ ያለ መሰለኝ። ትንሽ ነገር ናት። ሌላ የያዝኩት የለም።

እንድትመለስ ብዬ አይደለም የጻፍኩልህ። ያኔ ከጸሎትህ ስላስነሳሁህ ይቅር በለኝ። አሁንም የምትጸልይ ከሆነ ስሟን ጮክ ብለህ ጥራልኝ። ብቻዬን ስጠራት ድምፄ አይበቃም።

የልጅህ እናት