እስከ ላም ማለቢያ ሰዓት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለዊኒ፤

በአሪዞና ፀሐይ አጥንትሽ ሞቆ፣ ሳልሽ ለቆሽ፣ ልጆችሽ በዙሪያሽ ተሰብስበው ይህች ደብዳቤ እንድታገኝሽ ምኞቴ ነው። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ዓይንሽ ከታከመ ወዲህ ራስሽ ማንበብ ቻልሽ ወይስ አሁንም የምታነብልሽ ልጅሽ ማርታ ናት? እርሷ ከሆነች ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ ነገሩ ረዘም ይላል።

ስለ እኔ ጤና ጠይቀሻል። ባለቤቴን በቀበርኩ በዓመቱ ጎርፉ መጣ። የዓመቱን ድርቆሽና ሁለት ጊደሮች ከእርሻው ወሰደ፤ የእኔንም ቤት ወለል በጭቃ ሞላው። ጭቃውን በአካፋ የዛቅኩት እኔ ነኝ። በዚህ ብርድ የግራ እጄ ጣቶች ደንዝዘዋል፤ አንዱ ጆሮዬ ተደፍኗል። በሰማንያ ሦስት ዓመቴ ልጄን ካሌብን ለማየት በወንዙ ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ገመድ ይዤ እሻገራለሁ። ስለዚህ ሁሉ ለማንም አላጉረመረምኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

ጣራ የነበረውን የእንጨት ድልድያችንን ታስታውሻለሽ። በውስጡ የድርቆሽና የፈረስ ላብ ሽታ ከበጋ እስከ በጋ አይጠፋም ነበር። ዝናብ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ጋሪውን ይዞ እዚያ ይጠለል ነበር፤ ስንቱ ጠብ የታረቀው፣ ስንቷ ልጅ የታጨችው እዚያ ነው። አንቺ በድልድዩ መስኮት ከነጫማሽ ወደ ወንዙ ዘለሽ እናታችን ጫማው እስኪደርቅ ድረስ ሳምንት ሙሉ በባዶ እግርሽ ቤት ያስቀመጠችሽን እኔ አልረሳሁም። የኦገስቱ ጎርፍ ያንን ድልድይ በአንድ ጠዋት ወሰደው። ጣራው ሳይበታተን፣ ከራስ ላይ በነፋስ እንደተነጠቀ ባርኔጣ፣ ቀጥ ብሎ ሲንሳፈፍ ቆሜ አየሁት። አባታችን ይህን ባለማየቱ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ነገሩ ግን ትዝታ ብቻ አይደለም። የወተት ቦቴው ወደ ካሌብ እርሻ የሚሄደው አሁን ተራራውን ዞሮ ነው። ወተት ገዢዎቹ እስከ ሜይ መጨረሻ ድልድይ ካልተጀመረ ቦቴ አንልክም ብለው ቁርጡን ነግረውታል። ያን ጊዜ ላሞቹ ይሸጣሉ፤ አንቺና እኔ የተወለድንበት እርሻም ዳዋ ይውጠዋል።

ለጎርፍ ተጎጂዎች ድልድይና መንገድ ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ ዋሽንግተን ሴኔት ውስጥ ተቀምጧል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይደግፉታል፤ ነገር ግን ከመቶው ሴኔተሮች ስድሳው «ክርክሩ ይብቃ» ካላሉ ለድምፅ አይቀርብም። ይህን ያህል ወር የሚከራከር ሰው ግን የለም! በእኛ ጊዜ አንድን ሕግ ማገድ የፈለገ ሴኔተር ጉሮሮው እስኪዘጋ፣ እግሩ እስኪያብጥ ቆሞ ይናገር ነበር። ዛሬ እራቱን እየበላ «አግጃለሁ» ብሎ መልእክት ይልካል፤ በቃ። መምህራችን ሚስ ፐርኪንስ «እምቢ የሚል ቆሞ እምቢ ይበል» እያሉ በማስመሪያ ጠረጴዛውን ሲመቱ ትዝ አለኝ። የእንስሳት መኖ ሻጩ ቡርት ደግሞ በሱቁ በር ላይ «እኔስ ነገ ጠዋት ላሜን፣ 'እመቤት ሆይ፣ ክርክር ላይ ነኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት አልብሻለሁ' ልበላት?» እያለ ሰውን ያስቃል። ሳቁ ግን ከንዴት የመጣ ነው።

እንግዲህ ዋሽንግተንን ጠብቀን ከምናልቅ መንደሩ ራሱ ተበድሮ ድልድዩን ይሥራ የሚል ሐሳብ ለማርቹ የመንደር ሸንጎ ቀረበ። ሰብሳቢው እንደ ሁልጊዜው እኔ ነበርኩ። አዳራሹ ያው የድሮው ነው። እኔና አንቺ ከአግዳሚው ሥር ተደብቀን ኬክ የሰረቅንበት ጥግ ዛሬም አለ፤ ሴቶቹ ዛሬም ቦሎቄና የአሳማ ሥጋ ያበስላሉ፤ ነገሩ ሁሉ በዚያው ዕለት ተቆርጦ ነው ወደ ቤት የሚገባው። የሰው አፍ አለመታፈኑ ደግሞ የመንደሩ ኩራት ነው፤ አባታችንም እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ሰካራሙን ሃውስን እንኳ እስኪጨርስ ይሰማው ነበር።

ከምሳ በኋላ ስተርሊንግ ኮል ተነሣ። ዕድሜውን በዋሽንግተን በሴኔተሮች ቢሮ አሳልፎ እዚህ ጡረታ የወጣ፣ ንግግሩ እንደ ሐር የሚለሰልስ ሰው ነው፤ ብድሩን ይቃወማል። መጀመሪያ ስለ ሲሚንቶ ተናገረ። ቀጥሎ ስለ ብረት ዝገት፣ ከዚያም ስለ ዓሦች። ዓሦቹ ሲያልቁበት የመንደሩን ዓመታዊ ሪፖርት ገልጦ የተመዘገቡትን ውሾች ስም ከነባለቤቶቻቸው ማንበብ ጀመረ። ነገር ሲበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን በውሻ ተጫነ። ሰውዬው ሰዓቱን እያየ መሆኑን ያን ጊዜ ነቃሁ። ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ላሞች ይታለባሉ። ድልድዩ የሚያስፈልጋቸው ገበሬዎች ለማለብ ይወጣሉ፤ ላም የሌላቸው ይቀራሉ፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። በዋሽንግተን የተማረውን በእኛ ላሞች ጡት ላይ አመጣው!

ቡርት «ይበቃል፣ ንግግሩ ይቆረጥ» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሕጋችን ለዚህ የተሰብሳቢውን ከሦስት ሁለት እጅ ድጋፍ ይጠይቃል፤ አልሞላም። ቡርት ፊቱ ቀልቶ «አሞስ፣ አንተ ዝም በል ብትለው'ኮ ዝም ይላል! የገዛ ልጅህ እርሻ ነው!» አለኝ። የልጄ እርሻ ስለሆነ ነው የማልችለው ብዬ መለስኩለት። ካሌብ አየኝና አንገቱን ደፋ። ዊኒ፣ በዚያ ወንበር ላይ እንደዚያች ደቂቃ የከበደኝ የለም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ከየገበሬው ቤተሰብ አንድ አንድ ሰው ከአዳራሹ መውጣት ጀመረ። የካሌብ ሚስት በበረዶ ተንሸራታ እጇን ስለሰበረች ማለብ አትችልም፤ ስለዚህ ካሌብ ኮቱን አነሣ። በዚህ ጊዜ ሄስተር ቦልስ ከኋላ ተነሣች። ታስታውሻታለሽ፣ በትምህርት ቤት ከአንቺ ፊት የምትቀመጠው ጠይም ልጅ፤ ዛሬ በትንሽ ጡረታ የምትኖር ባል የሞተባት ሴት ናት። ብድሩን ከሁሉ አብዝታ ስትቃወም የዋለችው እርሷ ነበረች።

«ካሌብ፣ ቁጭ በል። ላሞቹን እኔ አልባቸዋለሁ» አለችው። እርሱም ደንግጦ «አንቺ'ኮ ድልድዩን አትፈልጊውም» አላት። «አሁንም አልፈልገውም፤ ግብሩ ቤቴን ያሸጠኛል። ግን የላም ጡት ተወጥሮ እንዲያሸንፍልኝ አልፈልግም። ያቺ ግንባረ ነጭ አሁንም ትራገጣለች?» «ትራገጣለች።» «እኔም እራገጣለሁ» ብላ ጓንቷን አጠለቀች። ኮል በትሕትና «ወይዘሮ ቦልስ፣ ድምፅዎን እያጡ ነው» ቢላት፣ «አንተ ደግሞ ምራቅህን እያጣህ ነው፤ ውሃ ጠጣ» ብላው ወጣች። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኮል የሁለት ውሾች ስም አንብቦ ሪፖርቱን ዘጋና ተቀመጠ፤ ከጎኑ የነበሩት እንኳ ዞረው አላዩትም።

በወረቀት ድምፅ ተሰጠ። ብድሩ በአንዲት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ሄስተር ተቀምጣ ካሌብ ቢወጣ ኖሮ ይወድቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባርኔጣዬን ይዤ ወደ ቤቷ ሄድኩ። እንጨት እየፈለጠች ነበር። «ልታመሰግነኝ ከሆነ ተመለስ፤ የግብሩ ወረቀት ሲመጣ ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ» አለችኝ። ነገሩ በአንዲት ድምፅ ብልጫ እንደሚወሰን ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። መጥረቢያዋን ሳታወርድ «እኔም ሚስ ፐርኪንስ ዘንድ ነው የተማርኩት፤ ሰው መቁጠር አያቅተኝም። ጠዋት ስገባ ቆጥሬያለሁ» አለች። ፈቃድ ሳልጠይቅ የፈለጠችውን መደርደር ጀመርኩ፤ እርሷም አልከለከለችኝም።

ዋሽንግተን ያለው ሕግ ግን እስከ ዛሬ እንደተቀመጠ ነው። ቡርት ሄስተርን ወደዚያ እንላካት ይላል። እዚያ የሚታለብ ላም የለም አልኩት።

ማርታን ሳሚልኝ። ለባሏ ለዴክስተር ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ጀርባውን ይጠንቀቅ። ትንሹን ልጃቸውን ኦወንን ቆሞ መናገር እንዲለማመድ የአያቱ ወንድም አዝዟል በይው። ካሌብና ሚስቱ ሉሲንዳ እጅ ነሥተውሻል፤ እጇ እየዳነ ነው።

አሁን የወሰንኩትን ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈልግም። እርሻው ከእንግዲህ በሕግም የካሌብ ነው፤ ጠበቃው ዘንድ ፈርሜያለሁ። የሸንጎው ሰብሳቢነት ከአያታችን ጀምሮ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም፤ ካሌብም ይጠብቀው ነበር። በሚመጣው ማርች ግን ከወንበሩ እነሣለሁ፤ ሸንጎው እንዲሾማት በራሴ አፍ የማቀርባት ሄስተር ቦልስን ነው። ለካሌብ ነግሬዋለሁ። እጩነቷን እኔ እደግፋለሁ አለኝ።

ወንድምሽ አሞስ ትራስክ
ኢስት ሃደን፣ ቬርሞንት
ማርች 10 ቀን 2013