ማብሪያው ጠፍቶ ነበር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አሁንም ደረጃ ስትወጪ መሃል ላይ ቆመሽ «ስልክ ያወራሁ መስዬ ነው የማርፈው» እያልሽ ነው? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጅሽስ ፈተናዋን በሰላም ጨረሰች? የእማዬ ሳል፣ የአባባ እጅ መንቀጥቀጥ እንዴት ይዟቸዋል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ግን ለወጉ ነው፤ አንቺን መዋሸት አልችልበትምና። ሰሞኑን እህል አልወርድ ብሎኛል።

ባለፈው ደውዬ፣ ጓሮ ከውሃው ቧንቧ ጋር የታሰረችውን የመሬት ሽቦ ባለሙያ ጠርተሽ አስፈቺ፣ እስክትፈታም ማንም ቧንቧውን እንዳይነካ ስልሽ፣ ለምን ብለሽ ጠየቅሽኝ። አባባ አጠገብሽ ነበሩና ዋጥኩት። በማግስቱ ስትደውዪ ደግሞ «አባባ ሽቦዬን ለምን አስነካ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ» አልሽ። አሁን እነግርሻለሁ። እባክሽ መጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ነው። ሟች ባለቤታቸው ከቤቱ ጀርባ ትንሽ የመዋኛ ገንዳ ሠርተውላቸዋል፤ ሐኪም ለወገባቸው ዋና ስላዘዘላቸው በየቀኑ ይገቡበታል። ሴትዮዋ ውሃው ይነክሰኛል ይላሉ። ከውሃው ሊወጡ የብረቱን መሰላል ሲይዙ እጃቸውን ይነዝራቸዋል። ከእኔ በፊት ሁለት ኤሌክትሪሻኖች መጥተው ምንም የለም ብለው ሄደዋል። ልጃቸው ደግሞ ዕድሜ ነው፣ ነርቭሽ ነው ብሏቸው ቁጭ ብሏል። አለቃዬ መላው የጠፋ ሥራ ሲመጣ «አንተ አሽታች ነህ» እያለ ወደ እኔ ስለሚገፋው፣ ይሄም ደረሰኝ። ገና በር ላይ ሴትዮዋ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የቤት ሥራዬን ውሻ በላብኝ ከሚሉ ልጆች ጋር ኖሬያለሁ፤ ውሸት ከእውነት እለያለሁ፤ ይሄ ውሃ ይነክሳል አሉኝ። ወደድኳቸው።

አንዱን የመለኪያ ጫፍ እርጥቡ ንጣፍ ላይ፣ ሌላውን መሰላሉ ላይ ሳሳርፍ ቁጥሩ ዘለለ። ሴትዮዋ ልክ ነበሩ። የገንዳውን መብራት አጠፋሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ውሃውን የሚያዞረውን ሞተር ነቀልኩ፤ ያው ነው። የየክፍሉን ማብሪያ አንድ በአንድ አወረድኩ። በመጨረሻ ቆጣሪው ሥር ያለውን ዋናውን አጠፋሁት። ፍሪጁ እንኳን ዝም አለ። ተመልሼ ስለካ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። መለኪያዬ ተበላሽቶ ነው ብዬ ባትሪ ቀየርኩ፤ እሱም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

እትዬ፣ ቤቱ በሙሉ ጠፍቶ ኮረንቲው አለ። ከመሰላሉ ሥር የምትወጣዋን ሽቦ እየተከተልኩ አጥሩን ዞርኩ፤ መጨረሻዋ ከውሃው ቧንቧ ጋር ተጠፍራለች። ቧንቧው የጎረቤትም ነው። ጎረቤት ገብቼ ባይ፣ የውሃ ማሞቂያቸው ተበላሽቶ ኮረንቲውን ወደ ቧንቧው ያፈሳል፤ ያቺ ለመከላከያ የታሰረች ሽቦ ደግሞ ተሸክማ ገንዳ ድረስ ታመጣዋለች። ጓንቴን አድርጌ ፈታኋት። ቁጥሩ ዜሮ ገባ።

ንጣፉ ላይ ዘጭ ብዬ ስቀመጥ ሴትዮዋ ኮረንቲ የያዘኝ መስሏቸው እየጮኹ መጡ። ምን ሆንክ ቢሉኝ፣ ወንድም ነበረኝ ከማለት በቀር ሌላ አልወጣልኝም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ።

ወንድማችን የሞተ ቀን አንቺ ባልሽ ቤት ነበርሽ፤ ያየሁትን ግን ዘርዝሬ ነግሬሽ አላውቅም። ወንድማችን፣ ኤሊው፣ የውሃውን ፓምፕ ሊጠግን ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ወጣ። እማዬ መስኮቱ ሥር ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያው ሲቀዘቅዝባት ተቆጥታ ስትጣራ፣ አጥፍቼዋለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ አላት። ዋናው ማብሪያ ቀጭ ሲልም በጆሮዋ ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ኮረንቲው እንዴት እንደያዘው ታውቂዋለሽ። እኔ ስደርስ ጓሮው በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ማብሪያውም ወርዶ ነበር። አባባ ግን ሲሮጥ ከገባው ሰው አንዱ ነው ያወረደው አሉ። የጠፋ ኮረንቲ ሰው አይገድልም፣ ሳያጠፋ ነው የነካው፣ ችኩል አሉት። ዕድሜውን ሙሉ ኤሊ እያሉ የጠሩትን ልጃቸውን፣ አምፖል ለመቀየር ሦስቴ ተመላልሶ ማብሪያ የሚያየውን ልጅ፣ በሞተ ማግስት ችኩል አሉት። እማዬን ደግሞ ሐዘን ያስቀባጥራታል አሏት።

እኔም አባባን አመንኩ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ሙያው ስላለኝ ብቻ ከእናቴ ጆሮ የአባቴን ቃል አስበለጥኩ። እማዬ ይኸው ስድስት ዓመት ለአባባ ምግባቸውን ታቀርብላቸዋለች እንጂ አብራቸው አትቀመጥም። የኤሊውን ፎቶም አባባ ከሳሎን ስላወረዱት፣ ከአልጋዋ ራስጌ አድርጋዋለች።

ያመጣሽው ባለሙያ፣ የቤቱ መብራት ጠፍቶም ጎረቤት ባለብየዳው ሥራ ሲጀምር ቧንቧው ይነዝራል፣ ሲያቆም ይተዋል አለ ብለሽ ስትነግሪኝ፣ አንቺ እንደ ተአምር ነበር ያየሽው። ያን ቀንም ብየዳው ይጮህ ነበር። እማዬ የጠራቻቸውን ጎረቤቶች ያዘገያቸው እሱ ነው፤ ጩኸቷን ውጦት።

ያንን ኮረንቲ ከቧንቧው ወደ ፓምፑ ያመጣችውን ሽቦ ያሰሯት አባባ ናቸው። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ፒንሳ አቀብላቸው ነበር። ከዚህ የተሻለ መሬት ከየት ይመጣል ብለው ቧንቧውን መታ መታ ሲያደርጉ ትዝ ይለኛል። ዳኛ ልሁንባቸው ብዬ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያስረው። እኛን ሊጠብቁ ነው ያሰሯት።

ከዚህ በፊት ሌላ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። ኮረንቲው ከመንገድ ምሰሶ መጣ ብለሽ ንገሪያቸው የሚል። ቀደድኩት። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በየት ገባ ብለው አፋጥጠው ይይዙሻል። ደግሞም ሽቦዬን ለምን አስነካ ብሎ ሦስት ጊዜ የጠየቀ ሰው፣ ግማሹን ሳያውቀው የቀረ አይመስለኝም። አልነግራቸውም ብል ደግሞ፣ ሐኪሙ ስለ እማዬ ያለሽን ታውቂያለሽ። ቀባጣሪ ተብላ ትሙትብን?

ስለዚህ ቀን መርጠሽ ሁለቱንም በአንድ ላይ አስቀምጪና ይሄንኑ ደብዳቤ ምንም ሳትዘልዪ አንብቢላቸው። ባለቤትሽ አብሮሽ ይሁን። አባባ ተነሥተው ወደ ጓሮ ቢሄዱ ተከተያቸው፤ ብቻቸውን አትተያቸው።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ እማዬንና አባባን እንደ ልጅ ሆኖ ስለያዘልኝ ውለታው አለብኝ። ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ በጥናትሽ ይኮራል በያት። እማዬን እግሯን ሳሚልኝ፤ ልክ ሰምተሻል፣ ልጅሽ አጥፍቶ ነበር፣ እኔን ይቅር በይኝ ብሏል በያት። አባባንም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ያዢላቸው። ያቺን ሽቦ ማን አሰራት ብለው ከጠየቁሽም፣ እኔ ነኝ ያሰርኳት ብሏል በያቸው። ማን እንዳሰራት ያውቃሉ። ቢሆንም ከአፍሽ ይሄንን ይስሙ።

ናፋቂሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከሥራ ቦታዬ አጠገብ ከተከራየሁት ክፍል
መጋቢት ፲፩ ቀን