ድምፁ የጠፋው ኮምፒውተሬ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህስ እንዴት ነው? እኔና እማዬ ደህና ነን።

የምሥራች! ያ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ኮምፒውተሬ አሁን በውሃ ይቀዘቅዛል። ራዲያተሩን ከአሮጌ መኪና ማሞቂያ ፈታሁት፤ ፓምፑ ከዓሣ ገንዳ የተረፈ ነው። እማዬ ቱቦዎቹን ስታይ፣ "ውሃና ኤሌክትሪክ ልታጋቢ ነው? ሠርጉ ላይ እኔን እንዳትጠሪኝ!" አለችኝ።

መጀመሪያ ፓምፑን ከውሃ ማጠራቀሚያው በላይ አስሬው አየር እየሳበ አጓራ። "ይኼማ ከድሮውም ባሰ! ስልክ ቢጠራ በየት ልንሰማ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ። አወረድኩትና ዝም አለ። ከዚያ በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አንጥፌ፣ ኮምፒውተሩን ሳልከፍት ፓምፑን ብቻ ቀኑን ሙሉ አሠራሁት። ሶፍቱ ደረቅ! አንዲት ጠብታ እንኳ የለችም! ብቻዬን እንደ ልጅ ዘለልኩ።

ትናንት ኮምፒውተሩን ራሱን አስነሳሁት። መሥራቱን ያወቅሁት እጄን አስጠግቼ ሙቀቱ ሲሰማኝ ነው። "ስሚ እስቲ እማ" ብላት፣ እሷ የቤቱን ስልክ አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"ይኼስ ይሠራል አይደል?"

"ይሠራል።"

እነዚህን አራት ወራት እማዬ፣ "እሑድ እሑድ ይደውላል፤ ጥሪውን ጩኸቱ ውጦብን ነው" ትል ነበር። እኔም፣ "ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ ነው" እላት ነበር።

አሁን የጓዳው ቧንቧ ጠብ ሲል ሳሎን ድረስ ይሰማል። የምትደውልበት ሰዓት አያሳስብህ፤ ስልኩ አንዴ ከጠራ ይበቃናል።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። ባለህበት ሰላም ሁንልን።

እህትህ