ኖራን በኖራ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለኢስታር፣
ጅቡቲ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ከባቡሩ ቀድሞ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የባሕሩ ወበቅ እንዴት አድርጎሻል? ባለቤትሽ ሃሺ ከወገብ ሕመሙ ተሻለው ወይ? ልጅሽ ፋርቱንስ ዘንድሮ መጾም ጀመረች? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ስለ ሆዮ፣ ስለ እናታችን ጤና ጠይቀሽኝ ነበር። የኩላሊት ጠጠሩ አልለቀቃትም። ሐኪሙ ውሃ አብዝተሽ ጠጪ ብሏታል። ውሃው በቧንቧ ግቢያችን ድረስ ይመጣል፤ እሷ ግን አትጠጣውም። ለምን ብትዪ፣ የእኔ እጅ ስላለበት ነው።

የድሬን ውሃ ታውቂዋለሽ። ሳሙና አረፋ አያወጣበትም። የማንቆርቆሪያውን ሆድ ነጭ ድንጋይ እየሞላው፣ ሆዮ በቢላ ስትፈቀፍቅ እያየን ነው ያደግነው። ቧንቧውም በዚያው ድንጋይ እየጠበበ የነጠፈች ፍየል ጡት ይመስል ጠብ ጠብ ይል ነበር። አሁን በከተማው ዳር ማጣሪያ ተሠርቶ እኔም እዚያ ተቀጥሬያለሁ። ኖራ በጥብጠን ገንዳው ውስጥ እንጨምራለን፤ ኖራው በውሃው የተደበቀውን ድንጋይ ይዞ ይዘቅጣል፤ ከላይ የቀረው ተጣርቶ ወደ ከተማ ይወርዳል። ድንጋዩም የኖራ ዘር ነውና እሾህን በእሾህ ማለት ነው።

ሆዮ ምን እንደምንጨምር ብትጠይቀኝ ኖራ አልኳት። በእኛ በሶማልኛም በአማርኛም ያው ነው፣ ማምለጫ የለውም። እሷ የምታውቀው ለዒድ ግድግዳ የምንቀባውን፣ ዓይን የሚያቃጥለውን ነው። ፈረንጁ አለቃችን ሾ ይለዋል። እኔም ሾ ብያት ቢሆን የፈረንጅ መድኃኒት መስሏት በእንስራ ትጠጣው ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

የማጣሪያው ውሃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ንጹሕ መሆኑን ባሳያት ደግሞ ባሰባት። ብረቱን እንዲህ የላጠ አንጀቴን ይተወዋል ወይ አለችኝ። ኑርቶ የሚባል የጉድጓድ ውሃ ሻጭ በአህያ እየዞረ የማጣሪያው ውሃ ሆድ ይበላል ይላል፤ ቀፊራ ገበያ የዋለ ሁሉ ያንኑ ወሬ ይዞ ይገባል። ኑርቶ ለእንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም። በእናቴ ግን እፈርዳለሁ። ያጠባችኝ እናት ልጄ አይመርዘኝም ብላ እንዴት አታምንም? ፊቷ ቆሜ ጠጥቼ አሳየኋት፤ አንተ ወጣት ነህ፣ ሆድህ ድንጋይ ይፈጫል አለችኝ። የኑርቶን ውሃ እንዳያልቅባት በስኒ እየቆጠበች ትጠጣለች። ሕመሙ ሲነሳባት ሻሿን ትነክሳለች። ይህን ማየት ያቃጥለኛል።

እባክሽ አንቺ ጻፊላት። ያንቺን ቃል ታምናለች። ጅቡቲም የሚጠጣው እንዲህ ያለ ውሃ ነው በያት፤ ውሸትም ቢሆን በያት። ስሙንም ሾ ብለሽ ጻፊው።

ሃሺን፣ ፋርቱንን፣ ጎረቤትሽን ቢሻሮንም ሰላም በዪልኝ። ባለቤቴን ሻሚስን በጣም ናፍቀሻታል። ሆዮም ሰላም በላት ብላኛለች። ሐኪሙ ቢከለክላትም ትጾማለች። ሰላም በላት ያለችኝ ትናንት ማፍጠሪያ ላይ፣ ቴምሩን ከእጄ እየተቀበለች ነው። ከቴምሩ አስከትዬ ውሃውን ስዘረጋላት እጇን ሰበሰበች።

ታናሽ ወንድምሽ ሰማታር
ድሬ ዳዋ፣ መጋቢት 25 ቀን 1950 ዓ.ም.