የቀበሌያችን ቴሌቪዥን ጥላ

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ዛሬ ሱቅ የመጣው ሁለት ሬዲዮና አንድ ካውያ ብቻ። ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ካውያ! ምን ይደረግ... ሠራሁት።

ማምሻውን አዲሱን ባለቀለም ቴሌቪዥን ልይ ብዬ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ጎራ አልኩ። ሰፈሩ ከሱ ሌላ ወሬ የለውም። ያምራል፣ አይካድም። ግን ምስሉ ውስጥ ካለው ከእያንዳንዱ ሰው በስተቀኝ ስስ ጥላ አለ። ዜና አንባቢው ባንድ ወገን ሁለት ጆሮ አብቅሏል። የአንቴናው ነገር ነው። ሞገዱ አንዴ በቀጥታ ይመጣል፣ አንዴ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያውን ትልቅ ቆርቆሮ ጣሪያ ገጭቶ፣ ዘግየት ብሎ ይመጣል። የዘገየው ነው ጥላ የሚሆነው።

በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠውን ሸሪፋን ጠየቅኋት። «ጥላው አይታይሽም?»

«የቱ ጥላ?»

በጣቴ አሳየኋት።

«ውይ፣ እሱማ ቀለሙ ነው! ባለቀለም አይደል እንዴ?»

ቀለሙ ነው አለችኝ... ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከጎኗ ያሉትም «አዎ፣ ድሮ በጥቁርና ነጩ ይኼ የት ነበር» አሉ። እንደ ተጨማሪ ጥቅም ቆጥረውታል።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ለሚስቴ ነገርኳት። ሣራ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አንተ እኮ ሰርግ ተጠርተህ የድንኳኑን ገመድ ስታይ የምታመሽ ሰው ነህ።»

እውነቷን ይሆን? ማንም ያላየው ጉድለት ጉድለት ነው?

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ፈተንኳቸው። ዜናው ሳይጀምር ቀለሙን ትንሽ ወደ አረንጓዴ አዞርኩት። ዝም። ጨመርኩ። አሁንም ዝም። ዘፋኟ ጎመን እስክትመስል ድረስ ጨመርኩ... አንድ ሽማግሌ ብቻ «ይቺ ልጅ አሟታል እንዴ?» አሉ። እሷ ታመመች እንጂ ቴሌቪዥኑ ታመመ የሚል የለም! መልሼ አስተካከልኩት።

አውሮፕላን ሲያልፍ ግን ምስሉ ይርገበገባል፣ ያኔ አዳራሹ በሙሉ ይጮኻል። ትልቁን ያዩታል፣ ትንሹን አያዩትም። ድንበሩ የት ላይ ነው? ይህን ሳሰላስል ዜናው አለቀ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ገባሁ፣ ጓድ ተክለብርሃን ጋ። አንቴናውን ከፍ አድርጌ ላዙረው፣ በነፃ፣ አልኩ።

«ምን ሆኖ?»

«ጥላ አለው ጓድ።»

«ሕዝቡ ቅሬታ አቅርቧል?»

«አላቀረበም።»

«ታዲያ አዲስ የሕዝብ ንብረት ጉድለት አለበት እያልክ ነው?»

ኧረ እኔ ወዲያ! አመስግኜ ወጣሁ። ሰዉ ደስ ብሎት ያያል፣ እኔ ምን ቤት ነኝ? ለማንም ምንም አይደለም። ተውኩት።

ኅዳር 8፣ እሁድ

ዛሬስ ጉድ ነው።

ሰሜን ስላሉ ወታደሮች ፊልም ታየ። ተሰብስበው ሲበሉ፣ ሲሳሳቁ። በድንገት ጎረቤታችን እትዬ የሺአረግ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። «ገሰሰ! ልጄ! ያውና፣ ጣሳ የያዘው!»

ገሰሰ ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ደብዳቤም የለ፣ ወሬም የለ። እጄ ላይ ያደገ ልጅ ነው፣ ሲስቅ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ጣሳ የያዘውም ዘንበል አድርጎ ሳቀ። አፈጠጥኩ... ፊቱና ጥላው ተደራርበው አፍንጫው የት እንደሚያልቅ አይለይም። እሱ ነው? አይደለም? ካሜራው ዞረ።

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ሴቶቹ እትዬን አቅፈው አለቀሱ። እኔ ካሜራው ይመለስ እንደሆን ምስሉን ጠበቅኩ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

እትዬ የሺአረግ ቤት ሰው ይጎርፋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት። «ከስቷል እንጂ ደህና ነው» ይላሉ ለገባው ሁሉ። ማታ መንገድ ላይ ያዙኝ።

«አንተ የቴሌቪዥን ሰው ነህ። እሱ ነው፣ አይደል?»

«በደንብ አልታየኝም እትዬ።»

«የፊታችን እሁድ ይደገማል አሉ። በሞቴ፣ ጥርት አድርገህ አሳየኝ። ፊቱን ልጥገበው።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ጥርት ብሎ እሱ ባይሆንስ?

ሣራ «ተወው፣ እንደደበዘዘ ይለፍ» አለችኝ። «ሴትዮዋ ስንት ጊዜዋ እህል ከቀመሰች! አሁን ገና መብላት ጀመረች።» ባለፈው ዓርብ ጥላው ለማንም ምንም አይደለም ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ልጃቸው ያለው እዚያ ጥላ ውስጥ ነው። ልነካው ፈራሁ፣ ካልነካሁት ቃሌን መብላቴ ነው። የፈታሁትን ሬዲዮ ሳልገጥመው ሱቁን ዘጋሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

እትዬ አልጠበቁኝም። ራሳቸው ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደው «የዘማች እናት ልጇን አትይ ትላለህ?» አሏቸው። ማን ደፍሮ እምቢ ይላል!

ስርጭቱ እንደጀመረ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጓድ ተክለብርሃን ራሳቸው መሰላሉን ያዙልኝ። አንቴናውን ስገፋ ሸሪፋ ከውስጥ ትጮኻለች። «አለ! አሁንም አለ! ቀነሰ! ጠፋ፣ ጠፋ፣ እንዳትነካው!»

ቀለሙ ነው ያለችው ሸሪፋ ናት።

ኅዳር 15፣ እሁድ

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወታደሮቹ መጡ። ጣሳ የያዘው ዘንበል ብሎ ሳቀ... ጥርት ብሎ። ገና ሳየው ግንባሩን ፈለግኩ። ገሰሰ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፣ በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ። የዚህ ልጅ ግንባር ልሙጥ ነው።

እልል ያለ የለም። ሁሉም ዞሮ እትዬን ያያል።

«የኔ አይደለም፣ የሰው ልጅ ነው» አሉ እትዬ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ደግሞም «እናቱ አይታው ይሆን?» አሉ።

ወጥቼ ከአዳራሹ ጀርባ አለቀስኩ። ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን። ሲወጡ ጠብቄ «ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ ባልነካው ኖሮ...» አልኩ።

«ዝም በል! ሳምንቱን ሙሉ በሰው ልጅ ስደሰት ከረምኩ። የወለደችው እኮ ምናልባት አላየችውም። እዚህ መጥታ ብታይም በዚያ ጥላ ታልፈው ነበር።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «እንደጠራ ይቆይ። የኔ የመጣ ቀን እንዳያመልጠኝ።»

ኅዳር 29፣ እሁድ

ወሬ እንዴት ይሮጣል! የቀበሌያችን ቴሌቪዥን ፊት ይለያል ተብሎ ዛሬ ከሃያ ሁለት ሰፈር ሰው መጥቷል፣ ከጉርድ ሾላም። የወንድም ፎቶ የያዘ አለ፣ የባል የያዘች አለች። ጓድ ተክለብርሃን ወንበር ያመላልሳሉ።

ወታደሮች ሲታዩ ጸጥ አለ። ሸሪፋ እትዬ የሺአረግን «ጠባሳው በየት በኩል ነው?» አለቻቸው። «በግራ፣ ከቅንድቡ ከፍ ብሎ።» ሁሉም ወደ ፊት ዘመመ። «ሦስተኛው!... አይ፣ አይደለም።» «ከኋላ የቆመውን እዩት!» «እሱም አይደለም።»

አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ፎቶ እጄ ላይ አኖረች። «ዓይንህ ደህና ነው አሉ ወንድሜ። አብረኸኝ እይልኝ።» አየሁላት። የሷን ስፈልግ፣ የእትዬን ስፈልግ፣ ፊልሙ አለቀ። አንዳቸውም የሉም። ፎቶዋን መለስኩላት፣ የሚመጣው እሁድም እንደምትመጣ ነገረችኝ።

ቤት ስገባ ሣራ «ዛሬስ ምስሉ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

እንጃ። ልብ አላልኩም።