አውራ ጣቴን ያሳረፍኩበት ወረቀት

እኔ አበባይሽ ውበቱ፣ የአቶ ማንደፍሮ ካሳሁን ባለቤት የነበርኩ፣ ዕድሜዬ ስልሳ ሰባት ዓመት፣ ሮተርዳም አጠገብ ያለችው የካፔለ አን ደን አይሰል ከተማ ነዋሪ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ እንዳልደከመ እዚህ የተቀመጡት ሰዎች ያያሉ። ዛሬ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት ነው፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ኦክቶበር 25 ቀን 2025። ማንም አላስገደደኝም፤ ሐኪሜም ቢሆን አትቸኩዪ ነው ያለኝ። የዚህ አገር ሕግ የሚፈልገውን ወረቀት ኖታሪስ በሚሉት ውል አዋዋይ ዘንድ ፈርሜያለሁ። ይህ ግን በቋንቋዬ የተናገርኩት ቃሌ ነው።

ምስክሮቼ የንስሐ አባቴ ቀሲስ ዘአማኑኤል፣ የባለቤቴ የልጅነት ጓደኛ አቶ አስራት፣ የፎቅ ጎረቤቴ ወይዘሮ ፋናዬ፣ አራተኛም ቃሌን የሚጽፉልኝ አቶ አድማሴ ናቸው። ቀሲስና ፋናዬ በሃይማኖት አይስማሙም፤ ለእኔ ሲሉ ግን አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቼ ሳያትና ናቲ ወራሾች ስለሆኑ ይሰማሉ እንጂ አይፈርሙም።

አቶ አድማሴ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በእሳቸው ደንብ ኑዛዜ አይፋቅም፤ መተው ያለበት ነገር በአንድ መስመር ይሰረዝና ሁሉም በዳሩ ይፈርሙበታል። እንግዲያው በመሀል ሰው የሚናገረውንም ይጻፉ አልኳቸው።

“እንዲህማ ከሆነ አፌን ልጠብቅ” አሉ አቶ አስራት። ይኸውም ተጽፏል።

አንደኛ። ሬሳዬ ወደ አገር ቤት አይላክ። ሮተርዳም ከማንደፍሮ አጠገብ ቅበሩኝ። ልጆቼ በሜትሮ መጥተው ሊያዩኝ የሚችሉበት ቦታ ይሻለኛል። የቀብሩን ነገር ኢንሹራንሱ ይሸፍነዋል፤ ሰው እንዳታስቸግሩ።

ሁለተኛ። ሞጣ ካለው የአባቴ ቤት ድርሻዬ ለወንድሜ ለአበጋዝ ይሁን። ማንደፍሮ ሲሞት ስልክ እንኳ አልደወለልኝም፤ ሰባት ዓመት ተቀይሜዋለሁ። ነገር ግን እናታችንን እስከ መጨረሻው ያጠበና ያጎረሰ እሱ ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ ፎቶግራፍ ላክልኝ ነበር የምለው። ቂሜን ትቻለሁ፤ ይህንንም ንገሩት።

ሦስተኛ። ይህ ቤት የኪራይ ነው፤ ለአከራዩ ይመለሳል። የወርቅ ሀብሌ ለሳያት፣ የማንደፍሮ ካፖርትና የእጅ ሰዓት ለናቲ። መጻሕፍቴ ሮተርዳም ለቤተ ክርስቲያናችን ይሰጡ፤ ጴንጤ መሆኗን ሳላይ ፋናዬ አስቀድማ የምትፈልገውን አምስት ትምረጥ።

“ሶፋውስ?” አለች ሳያት።

“ሶፋውን ያሮጌ ዕቃ ሱቅ እንኳ አይወስደውም” አለ ናቲ። ቀሲስ የተቀመጡበትን ዳሰስ አደረጉ።

አራተኛ። በመኝታ ቤቴ ቁም ሣጥን ከላይኛው መደርደሪያ አራት ሰማያዊ ማኅደሮች አሉ። ልጆቼ የሐኪም ወረቀት ይመስሏቸዋል። አይደለም፤ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ነው። ሰውየው መምህር ኩሪያኮስ ኢፔን ይባላሉ፤ የሕንድ አገር፣ የኬረላ ክልል ሰው ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ሒሳብ ሊያስተምሩ ሞጣ መጡ፤ እኔ በዓመቱ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ቤታቸው በሠራተኛነት ገባሁ። በ1970 ከአገራችን ወጡ። እንዴት እንደወጡ ወደ ታች እናገራለሁ።

ከዚያ በኋላ የት እንዳሉ አላውቅም ነበር። በ1988 እዚሁ ካፔለ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በጽዳት ስሠራ ሊሲ የምትባል የኬረላ ነርስ ነበረች። እናቷ በጨውና በበርበሬ የታሸ ማንጎ በማሰሮ ልካላት፣ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ስትፈታ ፎቶግራፋቸውን አየሁ። ጠጉራቸው ሳስቷል፤ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል ማድረጋቸው ግን ያው ነው።

“ይሄ ማነው?” አልኳት።

“አዲሱ የመስኖ ሚኒስትራችን። ምነው፣ ታውቂዋለሽ?”

“አገራችን አስተምረው ነበር” አልኩ። ከዚያ በላይ አልነገርኳትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሊሲ እናት ስለ እሳቸው የተጻፈውን፣ የድሮውንም ጭምር፣ እየቆረጠች ትልክልኛለች፤ ሊሲ በዕረፍታችን ሰዓት ትተረጉምልኛለች፤ እኔ በአማርኛ ጀርባው ላይ እጽፋለሁ። እንግሊዝኛውንም ሜትሮ ውስጥ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ የተማርኩት ለዚህ ነው።

በ1972 የመጀመሪያ ምርጫቸው ተሸነፉ። በ1974 የኬረላ ምክር ቤት ገቡ፤ በጠቅላላው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠውበታል። ሦስት ጊዜ ሚኒስትር ሆነዋል፤ መጀመሪያ የኅብረት ሥራ፣ ቀጥሎ የመስኖ፣ በኋላ የትምህርት። በመስኖው ጊዜ ሊያሠሩት ያሰቡትን ግድብ ገበሬዎች ሲቃወሙ፣ ሄደው ሦስት ቀን መንደራቸው ተቀመጡና ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ፓርቲያቸው ተቆጣቸው። በ1993 ተሸንፈው በሕዝብ አውቶቡስ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የተነሡት ፎቶግራፍ አለ። በ1998 እንደገና ተመረጡ። የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ካደረጉት አንዱ፣ የቤት ሠራተኞች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ተለቀው ፊደል እንዲማሩ ማዘዛቸው ነው። ያንን ያነበብኩ ቀን ሥራ አልገባሁም። በ2008 ወንበሬን ለወጣት እለቃለሁ ብለው ራሳቸው ተዉት። ጉድለታቸውም አለ። ለእህታቸው ልጅ ሥራ ሰጡ ተብለው የተወቀሱበት ጋዜጣ ሦስተኛው ማኅደር ውስጥ ነው። አልደበቅሁትም።

ማኅደሮቹ ለሳያት ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ለካፔለ ምክር ቤት ዕጩ ሁኚ ሲሏት የከለከልኳት እኔ ነኝ። ስምሽ በየግድግዳው አይለጠፍ አልኳት። ፈርቼ ነው። ፖለቲካ የገባ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ አይቼ ነበርና። አሁን እንደገና ጠይቀዋታል፤ ምርጫው መጋቢት ላይ ነው። ሳያት፣ ተወዳደሪ። ብትሸነፊ የመጀመሪያውን ማኅደር ክፈቺ።

“ማሚ፣ ይሄን ለብቻዬ ልትነግሪኝ አትችዪም ነበር? የግድ ሰው ፊት?”

“የከለከልኩሽም ሰው ፊት ነው” አልኳት።

አምስተኛ። ይህን ለንስሐ አባቴ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳቸው።

መምህር ኩሪያኮስ አማርኛ ለመማር የፊደል ገበታ ገዝተው የማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነበር። በየቀኑ አንድ መስመር ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እኔ ከጀርባቸው ዕቃ አጥባለሁ። በሦስት ወር ቀደምኳቸው። ሲጠፋባቸው ዞር ብለው ያዩኛል፣ እኔ እላለሁ፣ እሳቸው ይደግማሉ። ማንበብ እንደምችል ከሞጣ ሰው ሁሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም።

የትምህርት ቤቱ የፈተና ማባዣ ማሽን እሳቸው ቤት ይቀመጥ ነበር። በ1970 ማንደፍሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እወደዋለሁ። እሑድ እሑድ መምህሩ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሩን እከፍትለታለሁ፣ ወረቀት ያባዛል። መንግሥትን የሚቃወም ጽሑፍ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አንብቤዋለሁ። ወረቀቱ ከተማው ውስጥ ሲበተን ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ታወቀ፤ ቀበሌ ጠሩኝ። አስቀድሞ የተጻፈ ቃል ጠረጴዛ ላይ አለ። መምህሩ ራሱ ሲያባዛ በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ሊቀመንበሩ ማንበብ ትችያለሽ ወይ አለኝ። አልችልም አልኩ። ይህን ስል የመጨረሻው መስመር ላይ ደርሼ ነበር። ቀለሙን አመጡ፤ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።

ማንደፍሮ ተረፈ። መምህሩ ሁለት ወር ታስረው ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። አንድ ቦርሳ ይዘው መኪና ላይ ሲወጡ በሩቅ አየኋቸው። ከማንደፍሮ ጋር አርባ ዓመት በትዳር ስንኖር ይህን ነገር አንድ ቀን አላነሳነውም።

“አባዬ ያውቅ ነበር?” አለች ሳያት።

“ያውቅ ነበር።”

“ወይዘሮ አበባይሽ” አሉ አቶ አስራት፣ “ማንደፍሮ እዚህ ሆኖ መልስ አይሰጥ ነገር። ለዚያ ወረቀት ከእኛ ክፍል ሦስት ልጆች ተገድለዋል። እሱም አይቀርለትም ነበር።”

“አውቃለሁ። የዋሸሁትም ለዚህ ነው። እሱን አልከሰስኩም፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ጣቱም የእኔ ነው።”

ስለዚህ ከሞትኩ በኋላ ከልጆቼ አንዱ ኬረላ ሄዶ ይህን ቃል ለመምህር ኩሪያኮስ እንዲያነብላቸውና ስለ እኔ ይቅርታ እንዲጠይቃቸው አዝዣለሁ።

እዚህ ላይ ናቲ ተነሥቶ ሰገነቱ ላይ ወጣ። አቶ አድማሴም ጠበቁት። ሲመለስ አልተቀመጠም።

“ሰውየው ሞቷል?” አለኝ።

“አልሞቱም። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።”

“አንቺም አልሞትሽም። ሁለታችሁም እያላችሁ እኔ ነኝ ሄጄ ይቅርታ የምለው? ኔ፣ ማሚ። ገወን ቤለን።”

“ምን አለ?” አለች ፋናዬ።

“ዝም ብሎ መደወል ነው እንጂ ነው የሚለው” አለች ሳያት።

“አፍራለሁ” አልኩ።

“ልጄ፣ እኔ ለግማሽ ኃጢአት ሙሉ ቀኖና ሰጥቼሻለሁ” አሉ ቀሲስ። “የቀረውን ለባለቤቱ ንገሪ።”

ሊሲ ጡረታ ወጥታ አገሯ ገብታለች። ሳያት መልእክት ላከችላት፤ የመምህሩ ቤት ቁጥር አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። አቶ አድማሴ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚህ በታች ያለው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የተጻፈ ነው።

ስሜን ስነግራቸው በአማርኛ “የሞጣዋ?” አሉኝ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ተነጋገርን። ያደረግሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ ነገርኳቸው።

“ወረቀቱን አሳይተውኛል” አሉኝ። “ጣቱን ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሊቀመንበሩ ሠራተኛህ ፊደል ታውቃለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንዲትም አታውቅም አልኩት። ታውቃለች ብል ኖሮ እነዚያን ወረቀቶች ቤት ውስጥ ያነበበች እሷ ናት ብለው ወደ አንቺ ይዞሩ ነበር።”

አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ብቻዬን የዋሸሁ መስሎኝ ኖሬአለሁ። አንዱን ውሸት ሁለታችን ተሸክመነው ነበር።

“ይህ ማለት ግን አልተቀየምኩሽም ማለት አይደለም” አሉ ቀጥለው። “በመጀመሪያው ምርጫዬ ተቀናቃኞቼ ከአፍሪካ የተባረረ ወንጀለኛ ብለው ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ጻፉብኝ። አባቴ ያንን ግድግዳ እያየ ሞተ። ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ።”

አወቅሁት አልኳቸው። የተሸነፉበትን ጋዜጣ ሃያ ዓመት ይዤ ምክንያቱን አላውቅም ነበር።

“በሁለተኛው ግን በየመድረኩ ቀድሜ እኔው ታስሬ ነበር እያልኩ ተናገርኩ። ሰዉ ወደደኝ። እኛ አገር እስር ቤት ያልገባ ፖለቲከኛ እምነት አይጣልበትም።” ሳቁ፤ ሳቃቸውም ወደ ሳል ተለወጠ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው።

“ይህስ በስልክ አይሆንም። ጥር ላይ ሙቀቱ ይቀላል፤ ነይ። ቁጭ ብለሽ ንገሪኝ፣ እኔም ፊትሽን እያየሁ እመልስልሻለሁ።”

“ልቤ ታማሚ ነው።”

“እኔም ጉልበቴን ያመኛል። ቀስ እያልን እንነጋገራለን።”

ከመዝጋታችን በፊት ልጄ ለከተማ ምክር ቤት ልትወዳደር ነው አልኳቸው። ወረቀቷን በየፖስታ ሳጥኑ ጥላ እንዳትሄድ፣ በሩን ሁሉ ራሷ እንድታንኳኳ፣ የሚሰድቧትም ቤት ተመልሳ እንድትሄድ ንገሪያት አሉኝ። ሳያት ስልኳ ላይ ጻፈችው። እንግዲህ አልወዳደርም አላለችም።

ስለዚህ ኑዛዜዬን እንደሚከተለው አስተካክላለሁ። በአራተኛው አንቀጽ ያሉት ማኅደሮች የሳያት መሆናቸው እንደተጠበቀ ነው፤ ነገር ግን እስከ ጥር ድረስ ከእኔ ጋር ይቆያሉ። ይዤያቸው እሄዳለሁ፤ ቀን የሳትኩበትም ካለ ባለቤቱ ያርሙልኝ። ናቲ ወደቡ ላይ ካለው ሥራው ፈቃድ ጠይቆ አብሮኝ ይሄዳል። የልብ ሐኪሜን ሰኞ እጠይቃለሁ።

“ከጥር በፊት አንድ ነገር ቢሆኑስ? ይህም መጻፍ አለበት” አሉ አቶ አድማሴ።

“ትሄዳለች ብለህ ጻፍ” አለ ናቲ።

ልጄ እዚህ አድጎ ነውና አንተ ስላላቸው አቶ አድማሴ ይቅር ይበሉት። እንዳለው ጽፈውታል።

አምስተኛው አንቀጽ፣ ከልጆቼ አንዱ እንዲሄድ ያዘዝኩበት ክፍል፣ በአንድ መስመር ተሰርዟል፤ ሁላችንም በዳሩ ፈርመንበታል። አቶ አድማሴ ኑዛዜ ያለ ምክንያት አይሰረዝም ስላሉ ምክንያቱ እንዲህ ተጽፏል፦ ተናዛዥዋ በሕይወቷ ራሷ ልትፈጽመው ስለወሰነች።

ቃሉ ተነብቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ተናዛዥ፦ አበባይሽ ውበቱ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ቀሲስ ዘአማኑኤል፣ ሮተርዳም (ፊርማ)
አስራት፣ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት (ፊርማ)
ፋናዬ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል (ፊርማ)
አድማሴ፣ ጸሐፊና ምስክር፣ ዴን ሃግ (ፊርማ)