በምርቃቱ ዕለት የተዘጋው ቧንቧ

ለክቡር የኢንዱስትሪ ሚኒስትር፣
ግልባጭ፦ ለቺፕ ፋብሪካው ባለቤቶች

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤና ሲጓደል ሐኪም ቤት መምጣት አይቀርምና፣ የእኛም ሐኪም ቤት ለጊዜው ለክቡር እንግዳ የሚመች አይደለምና፣ ጤናዎ እንዲበዛልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከአዲሱ ፋብሪካ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ቺፕ ሩጫ ለእርስዎ ላስረዳ ብነሣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሆንብኛል፤ ስለ ምጥ ግን ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. በቅድሚያ ስለ ውሃው ላመስግን። መንግሥት መሬቱን፣ መብራቱንና ውሃውን፣ ባለሀብቶቹ ደግሞ ዕውቀታቸውንና ስማቸውን አዋጥተው ሲፈራረሙ፣ ቺፕ የሚታጠብበት ውሃ ከምንጠጣው እጅግ የጠራ መሆን እንዳለበት ነግረውን ነበር። እኛም ደስ ብሎን አጨበጨብን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለካ እውነት ኖሯል! በምርቃቱ ዕለት የፋብሪካው ማጠራቀሚያ በእንግዶች ፊት እንዳይጎድል ተብሎ የከተማው መስመር ሲዘጋ የነገረን የለም።

፪ኛ. በዚያው ጠዋት አንዲት ሴት ምጥ ይዟት መጣች። የፋብሪካችሁ ሠራተኛ ናት፤ ሆዷ ነጩን ቱታ አላስገባ እስኪላት ድረስ በሙከራ ምርቱ ቺፕ ስትፈትሽ የከረመች። ምጡ ጠናባት፤ የጽንሱ የልብ ምት እየወረደ ሄደ፤ ሐኪሙም ያለ ኦፕሬሽን አይሆንም አለ። ንጹሕ የነበሩት መሣሪያዎች ቀደም ብሎ ለሌላ እናት ወጥተው ነበር፤ በእንፋሎት የሚያመክናቸው ማሽን ደግሞ ያለ ውሃ አይሠራም። ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዳንልካት አውራ መንገዱ ለእንግዶች ተዘግቷል። ቧንቧውን ብከፍተው ሳል ብቻ ሳለ። ውሃ ክፍል ደወልኩ። ያነሡት ሰው በታላቅ ትሕትና «ትእዛዙ ከላይ ነው፤ ምርቃቱ እስኪያልቅ ታገሡን» አሉኝ።

«እኔስ ልታገሥ፤ ምጡን ማን ያስታግሥልኝ?»

ስልኩ ተዘጋ።

፫ኛ. ጋውኔን እንደለበስኩ ወደ ፋብሪካው ሮጥኩ። እርስዎ መድረኩ ላይ ሆነው የቀደሙንን ካልደረስንባቸው ትውልድ ይወቅሰናል እያሉ ነበር። የበሩ ጥበቃ «ሲስተር፣ በእናትሽ፣ ከሥራ አታስባርሪኝ» አለኝ፤ ላቡ ከእኔ ላብ ይብስ ነበር። አጠገቡ አንድ ቦቴ የግቢውን ሣር ውሃ ያጠጣል። ሾፌሩን ሰዉ ሁሉ «ዝምታ» ነው የሚለው፤ ሰላምታ እንኳ በአንገቱ ነው የሚሰጠው። «እናትም ልጅም ሊያመልጡኝ ነው፤ ውሃ የለንም» አልኩት። ቱቦውን ጣለና የመኪናውን በር ከፍቶ «ግቢ» አለኝ።

ክፍቱ በር ለእርስዎ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ብቻ ነበር። ዝምታ አንዴ ምንጣፉን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ በላዩ ነዳው።

፬ኛ. ቦቴው ውሃውን አድርሶ መሣሪያዎቹ እስኪመክኑ ብዙ ጊዜ ሄዶ ነበር። ሕፃኗ በኦፕሬሽን ስትወጣ ሰማያዊ ነበረች፤ አላለቀሰችም። ደረቷን በሁለት ጣቴ ስጫን ከውጭ የእናንተ ጭብጨባ ይሰማኛል። ፈጣሪ ይመስገን፣ በመጨረሻ ጮኸች። የእናቲቱ ደም ግን አልቆም ስላለ ሐኪሙ ማህፀኗን አወጣው፤ ከእንግዲህ አትወልድም። ስትነቃ ይህን የነገርኳት እኔ ነኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ክቡርነትዎ፣ መዘግየት የሚያስከፍለውን ዋጋ ከንግግርዎ ይልቅ ከእሷ ጀርባ ተማርኩ።

ዝምታም በዚያው ዕለት «የአገርን ገጽታ በማበላሸት» ከሥራ ተባረረ። ውሃ ክፍል ስልኬን ለመዝጋት፣ ፋብሪካው ሾፌሩን ለማባረር ያሳዩት ፍጥነት የሚደነቅ ነው፤ መንግሥትና ባለሀብት እንዲህ እኩል ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ሾፌሩ ወደ ቦቴው መሪ እንዲመለስ፣ የሆስፒታሉም ውሃ ከፋብሪካው መስመር እንዲለይ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሁለቱም እጅግ የረቀቀ ቴክኖሎጂ አይፈልጉም።

የሩጫችሁን አቧራ እያራገፈች ሕፃናት የምትቀበል፣
ሁልጊዜም ታዛዥዎ ያልሆነች፣
አዋላጇ

ማስታወሻ፦ ጎረቤት ከተማ እንዳይቀድመን ሁለተኛ ፋብሪካ ልትገነቡልን መሆኑን በዜና ሰማሁ። የምርቃቱን ቀን አስቀድመው ቢያሳውቁኝ፣ እርጉዞቹን ሰብስቤ በዚያ ቀን ምጥ ክልክል መሆኑን አስፈርማቸዋለሁ።